አንኮበር የቀሩት

የሐዋሳ ሰው ብርድ አውቃለሁ ቢላችሁ አትመኑት። እኔም ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲነሳ ሹራቤን ደርቤ "ዛሬስ በረደ" እያልኩ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ባለፈው ኅዳር ደብረ ብርሃንና አንኮበር ደርሼ ከተመለስኩ ወዲህ ግን ሰፈሬ ስለ ብርድ ሲያወራ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ጎረቤቶቼ "እዚያ ምን ነበረህ?" እያሉ ስላስቸገሩኝ፣ ለእያንዳንዱ ከምተርክ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው ይህን የጀመርኩት። አብዛኞቻቸው ወደዚያ አይሄዱም። እኔም ተመልሼ መሄዴን እንጃ።

አባቴ ከአንኮበር በታች ካለች አንዲት መንደር የመጣ ቀጥቃጭ ነበር። ወገኖቹ ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው፤ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ፣ ቅዳሜን በስውር ያከብራሉ፣ ራሳቸውንም ከተበተኑት የእስራኤል ልጆች ይቆጥራሉ። ከነሱ ማረሻ ሊገዛ የመጣ ገበሬ፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ብሎ ልጁን ከፊታቸው ይሸሽጋል። አባቴ ይህ መሮት ገና በወጣትነቱ ወደ ደቡብ ወረደ። ሐዋሳ ላይ አገሩን ሲጠይቁት "ሸዋ" ይልና ያቆማል። ቅዳሜ ግን ቤታችን እሳት አይነድም ነበር። እናቴ ለጎረቤት "ሐኪም ነው ቀዝቃዛ ብሉ ያለን" ትል ነበር።

ከራት በኋላ አባቴ ደጋግሞ የሚነግረን አንድ ነገር ነበር። እግዚአብሔር ሕዝቡን በአራቱም ማዕዘን በትኗል፣ በነቢያቱም አፍ መልሶ እንደሚሰበስባቸው ቃል ገብቷል ይለን ነበር። እኔ በልጅነቴ የሚታየኝ አንድ ትልቅ ሰው በራችን ላይ ቆሞ ስማችንን እየጠራ ነው። አባቴ ሳይጠራ ሞተ። ባለቤቴም ሞተች። ወንዱ ልጄ ጅግጅጋ፣ ሴቷ ጎንደር ይሠራሉ። እኔም ከፋብሪካው የመካኒክነት ሥራዬ ጡረታ ወጥቼ፣ ከቤቴ ክፍሎች በአንዷ ብቻ እየኖርኩ ሳለ ነበር የአባቴ እህት አክስቴ አስካለ የደወለችልኝ፤ ሰይድ በሚባል ጎረቤቷ ስልክ።

"የወንድሜ ልጅ፣ እኛ እዚህ እያለቅን ነው" አለችኝ። "ዓይኔ ሳይጠፋ ና ልይህ።"

"እመጣለሁ፤ እርስዎ ብቻ ጤና ይሁኑ" አልኳት።

"እርስዎ የሚለኝ ባዳ ነው" አለች። ቀጥላም፣ "በመንገድህ ደብረ ብርሃን ላይ ልጄ ሙሉ አለች። ብርድ ልብስ ትሸጣለች አሉ፣ ከገበያው አጠገብ። እያትና ና። እኔ ካየኋት ብዙ ዘመን ሆነኝ።"

ረቡዕ

መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሰሞን ነበር የተነሳሁት። ከሐዋሳ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አልደክምበትም። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ እስከ ሞጆ በስልኳ ስታወራ ቆይታ፣ ከሞጆ በኋላ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ሰው ትከሻዬ ላይ ከተኛ ብዙ ጊዜ ስለሆነ ሳልንቀሳቀስ ደረስኩ። ስትነቃ ይቅርታ ጠየቀችኝና ቦርሳዋን ይዛ ወረደች። ያደርኩት ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ ባለች ፔንሲዮን ነው። ስለ እሷ የምለው የለኝም፤ ሌሊቱን ሙሉ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ነው የሰማሁት።

ሐሙስ

የደብረ ብርሃን ሚኒባስ በጠዋት ሞላ። ከሰንዳፋ በኋላ አገሩ ይገለጣል። እኛ ጋ ዓይን የሚያርፈው ዛፍ ላይ ነው፤ እንሰት አለ፣ ዋርካ አለ። እዚያ ግን ሜዳው ተዘርግቶ ተዘርግቶ ሰማይ ሲነካ ነው የሚቆመው፤ መሀሉ ላይ የታጨደ ገብስ ተከምሮ፣ የድንጋይ ቤቶች ተቀምጠው። በመስኮቱ ሳይ ገና ከሩቅ በረደኝ።

ጫጫ ስንደርስ መኪናችን ጭስ አውጥታ ቆመች። ሾፌሩ ከሥሯ ገባ። እኔም መካኒክ ነኝ ብዬ ላግዘው ብል፣ "አባቴ፣ እርስዎ ሻይ ይጠጡ" ብሎ አባረረኝ። መንገድ ዳር ያለች ሻይ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ወፍራም፣ ጉንጫቸው በብርድ የቀላ ሴት ናቸው። ሸሚዝና ስስ ሹራብ ለብሼ ሲያዩኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ከየት ነው የመጡት?"

"ከሐዋሳ። አንኮበር ነው የምሄደው።"

"እንዲህ ሆነው አንኮበር ሊወጡ? ሊሞቱ ነው?" ብለው የራሳቸውን ጋቢ ከትከሻቸው አውርደው አለበሱኝ። ትኩስ ወተት አመጡልኝ፤ የገብስ ቆሎ ዘረጉልኝ። ዓሣ በየቀኑ እንበላለን ወይ፣ ሐይቁ ይሸታል ወይ፣ ልጆቼ የት ናቸው እያሉ ጠየቁኝ። ጅግጅጋና ጎንደር ስላቸው፣ "እንግዲያው ማን ያበላዎታል?" አሉኝ። እኔው ነኝ አልኳቸው። ወተቱን ደገሙኝ። መኪናው ተሠርቶ ስነሳ ጋቢውን ልመልስ ብል እንቢ ሊሉ ነበር፤ በግድ ነው ያስያዝኳቸው።

ደብረ ብርሃን ከጠበቅኳት በላይ ትልቅ ናት። ፋብሪካው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ከየአገሩ የመጣው ሠራተኛ ተደማምሮ መንገዱ ሰው በሰው ነው። ባጃጅ እንደኛው አለ፤ የነሱ ባጃጆች ግን በራቸው በላስቲክ ተሸፍኗል። የሙሉን ሱቅ ሳልቸገር አገኘሁት። ብርድ ልብሱ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ሹራብና ኮፍያ ተንጠልጥሏል። መሀሉ ላይ አርባ የሚሆናት፣ ሻሽ ያሰረች ሴት ጨርቅ ታጥፋለች። አገጯን ሳይ የአባቴ አገጭ ነው።

"ጌታሁን እባላለሁ" አልኳት። "የወልዴ ልጅ፣ ከሐዋሳ። የእናትሽ የወንድሟ ልጅ ነኝ።"

እጆቿ ጨርቁ ላይ ቆሙ። ወደ በሩ አየች።

"ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ" አለችኝ።

ሌላ ቃል ሳንለዋወጥ አንድ ሰው ከውጭ ገባ፤ ረጅም፣ ፈገግታው የሚቀድመው ሰው። ባሏ ነበር። አቶ ታደለ ይባላል፤ አገሩ ጎጃም ሲሆን፣ ለመንግሥት ሥራ መጥቶ እዚያው የቀረ ነው። እጁን ዘረጋልኝና "እንግዳ አለን እንዴ?" አለ።

"ፍሪጁን ሊያዩልኝ የመጡ ባለሙያ ናቸው" አለች ሙሉ።

እውነትም ከሱቁ ጥግ ለስላሳ የሚያስቀምጡበት አንድ ፍሪጅ እንደ ታመመ ሰው እያቃሰተ ነበር። በዚያ ብርድ ፍሪጅ ምን እንደሚሠራ አልገባኝም። እኔም የሹራቤን እጅጌ ሰብስቤ ከኋላው ተንበረከኩ። ምን ላድርግ? እሷ ከንፈሯ ደርቆ ታየኛለች።

አቶ ታደለ መብራት ላመጣ ብሎ ሲወጣ፣ ሙሉ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

"ወላጆቼ ሞተው ደነባ ከተማ አክስቴ ዘንድ አደግኩ ብዬ ነው የተጋባነው" አለችኝ በሹክሹክታ። "ፋብሪካ ስቀጠር ጀምሮ የተናገርኩት ነው። ያኔ እውነቱን ብናገር አብራኝ የምትበላ ልጅ አላገኝም ነበር። አሁን ምን ብዬ እናቴን ከሞት ላስነሳት?"

"ትጠይቅሻለች" አልኳት። "እያት ብላ ነው የላከችኝ።"

"ደህና ናት?"

ልመልስ ስል አቶ ታደለ ባትሪ ይዞ ተመለሰ። ሽቦ ነበር የላላው፤ አቧራውን ጠርጌ አጠበቅኩት፣ ማቃሰቱ ቆመ። ሰውዬው እንደ ልጅ አጨበጨበ። "ምሳ ሳይበሉ አይሄዱም!" አለ። ብቃወምም ክንዴን ይዞ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ወሰደኝ። የአክስቴ ልጅ ቤት በባለሙያ ስም ገባሁ። ሙሉ ሽሮና ጎመን አቀረበች፤ እኔን እያየች አላየችኝም። አቶ ታደለ እያጎረሰኝ "ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ፤ ቤትዎ ነው" ይለኛል። ሴት ልጃቸው ከትምህርት ቤት መጥታ ጉልበቴን ሳመችኝ። ማንን እንደሳመች አታውቅም።

ነገ አንኮበር እንደምሄድ ስነግረው ሱቁ ተመልሶ ወፍራም የሱፍ ኮፍያ አመጣና ራሱ ጭንቅላቴ ላይ አደረገው። "እዚያ ይችን ካላደረጉ ጆሮዎን ጥለው ይመለሳሉ" አለኝ። ሙሉ ያን ጊዜ ሰሃን ታነሳ ነበር። አንኮበር ሲባል ብቻ ጀርባዋ ቀጥ አለ።

ያደርኩት አስፋልቱ ዳር ባለ ሆቴል ነው። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤም አልሞቅ አልኩ። ከታች ሰዎች አረቄ እየጠጡ ይስቃሉ። ዘመድ ባለበት ከተማ ሆቴል ማደር ዘመድ በሌለበት ከተማ ከማደር ይከፋል፤ ያን ሌሊት የገባኝ ይህ ነው።

ዓርብ

ወደ ጎረቤላ የሚወስደው መኪና ተጨናንቆ ተነሳ። ሜዳው ላይ ሌሊት የጣለው አመዳይ ገና አልቀለጠም ነበር፤ ሣሩ ሽበት የወጣበት ይመስላል። ጅብራ የሚሉት ቀጥ ብሎ የሚቆም ተክል በየኮረብታው ተተክሎ ከሩቅ ሰው የቆመ ይመስለኝ ነበር፤ ደጋግሜ ተሳሳትኩ። ከዚያ ሜዳው ድንገት ያልቃል። መሬቱ ተቆርጦ ወደ ታች፣ ጭጋግ ውስጥ ይገባል። ጎረቤላ፣ የአንኮበር ወረዳ ከተማ፣ ያ ገደል አፋፍ ላይ ናት።

ሰይድ አህያውን ይዞ መናኸሪያው ላይ ጠበቀኝ። ከገደሉ በታች ያለው የአልዩ አምባ ገበያ ነጋዴ ነው፤ በርበሬና ጨው ያወጣል፣ ገብስና ባቄላ ያወርዳል፤ ሚስቱ ግን የአክስቴ መንደር አጠገብ ናት፣ ቤቱም እዚያው ነው። አቅፎ ሦስቴ ሳመኝ።

"ጁምዓ ሰግጄ እንወርዳለን" አለኝ። "ከዚያ ግን ፈጠን ማለት አለብን፣ ወላሂ። እማማ አስካለ ዓርብ ጀምበር ካዘቀዘቀች እሳት አያነዱም። ከዘገየን ትኩስ ነገር ሳይቀምሱ ነው የሚያድሩት።"

መስጊዱ ውጭ ከአህያው ጋር ቆሜ ጠበቅኩት። ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቶ መንገዱ ባዶ ሆነ። በዚያ ከተማ የማውቀው አህያውን ብቻ ነበር።

ቁልቁለቱ ለጉልበቴ አልሆነም። የሐዋሳ ጫማዬ ለአስፋልት የተሠራ ነው፤ ከመንገዱ ግማሽ ሳንደርስ የአንዱ ሶል አፉን ከፍቶ ተንጠለጠለ። ሰይድ ከጭነቱ ገመድ ቆርጦ አሰረልኝ፤ ብዙም ሳንሄድ ተፈታ፤ እንደገና አሰረው። ሦስተኛ ሲፈታ አህያው ላይ ይውጡ አለኝ። አፈርኩ፤ ግን ወጣሁ። አህያውም እንደኔ ያፈረ ይመስል ነበር። ወደ ታች በወረድን ቁጥር አየሩ እየለዘበ መጣ፤ ጆሮዬ ተመለሰልኝ።

መንደሩ አንድ የተራራ ትከሻ ላይ የተቀመጡ ጥቂት የድንጋይ ቤቶች ናቸው፤ የሚበዙት በራቸው ተዘግቷል፤ የአንዳንዶቹ ጣሪያ ወድቋል። አክስቴ አስካለ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ትንሽ ሴት ናት፤ ጣቶቿ በጭቃ ብዛት ተሰነጣጥቀዋል። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

"የወልዴ ግንባር" አለች። ከዚያ ቶሎ ብላ ለቀቀችኝ። "ግባ፣ ግባ፤ ጀምበር እየሄደች ነው።"

ትኩስ የባቄላ ወጥ አጎረሰችኝ፤ ሰይድም አብሮን ጎረሰና ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ በልቼ ሳልጨርስ እሳቱን አመድ አለበሰችው። ቤቱ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። ጨለማው ውስጥ ተቀመጥን፤ እስክንለምደው ድረስ እስትንፋሷን ብቻ ነበር የምሰማው።

"አየሃት?" አለችኝ።

"አየኋት። ጤና ናት። ሱቋ ሙሉ ነው። ባሏ ደግ ሰው ነው፤ ምሳ አበላኝ።"

"ዘመድ ነው ብላ ነው ወይስ እንግዳ ነው ብላ?"

"ፍሪጃቸውን ሠራሁላቸው" አልኳት። ገባት።

"ይሁን" አለች። "ልጅ አላት?"

"ሴት ልጅ አየሁ። ጉልበቴን ሳመችኝ።"

"ማንን ትመስላለች?"

"አገጯ የእናንተ ነው።"

ወደ እኔ ተጠግታ ራሴን ስትዳብስ እጇ ኮፍያው ላይ ቆመ። ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀችኝ። ከሙሉ ሱቅ እንደሆነ፣ ባሏ እንደሰጠኝ ነገርኳት። ከራሴ አወረደችው፤ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። ሻሿ ላይ ደርባ እስክትተኛ ድረስ ለበሰችው። ጠዋት ልትመልስልኝ ስትል እምቢ አልኳት።

ቅዳሜ

በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ቅዳሜ አላየሁም። አባቴ ለሐዋሳ የተረፈውን ብቻ ነበር ያመጣልን፤ ሙሉው እዚያ ነው። ውሃ አይቀዳም፣ እሳት የለም፣ እንጨት የሚሰብር የለም። ጭስ የሌለው መንደር ከሩቅ ለሚያየው የሞተ ይመስላል።

የጸሎት ቤቱ ከመንደሩ ጀርባ፣ ከመንገድ እንዳይታይ ተደርጎ የተሠራ የሣር ክዳን ቤት ነው። አባቴ በልጅነቱ ሰው ውስጡን ሞልቶ ደጅ ይቆም ነበር ብሎኝ ነበር። እኛ ያን ቀን አምስት ነበርን፤ እኔን ጨምሮ። የሚመሩት አባ ይስሐቅ የሚባሉ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ግዕዙን በቃላቸው ይሉታል፤ ከዚያ እንዲገባን ብለው በአማርኛ ይመልሱታል።

ያን ዕለት የተናገሩት ነቢዩ ኤርምያስ ልቅሶዋን ስለሰማት እናት ነበር። ልጆቿ ተማርከው ስለሄዱባት እናት፤ አታልቅሺ ቢሏት እምቢ ስላለች፤ እግዚአብሔርም ድካምሽ ዋጋ አለው፣ ልጆችሽ ከጠላት አገር ወደ ድንበራቸው ይመለሳሉ እንዳላት። ቀጥለውም ነቢዩ ሕዝቅኤል በሸለቆ ስላያቸው የደረቁ አጥንቶች ተናገሩ፤ ተስፋችን ጠፋ ይሉ የነበሩትን ከመቃብራቸው አውጥቶ ወደ አገራቸው እንደሚያገባቸው። ሙሉ ፍሪጁ ሥር ሆና "እናቴን ከሞት ላስነሳት?" ያለችኝ መጣብኝ። አክስቴን አየኋት። ዓይኗን ጨፍና፣ ኮፍያውን አድርጋ ቆማለች።

ጸሎቱ አልቆ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ዓርብ የተጋገረ ዳቦ ተቆረሰ፤ በቀዝቃዛ ውሃ። አባ ይስሐቅ ከጎኔ ነበሩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ልጠይቅ የምፈልገውን ጠየቅኳቸው።

"አባ፣ ይህ ቃል ለኛ ነው? እርግጠኛ ነዎት?"

አልተቆጡም። ዳቧቸውን አኝከው እስኪውጡ ጠበቅኩ።

"የጎንደር ወገኖቻችሁ ወደ ኢየሩሳሌም ተሻገሩ የሚል ወሬ በየጊዜው ይመጣል" አሉኝ። "ስለ እኛ የጠየቀ የለም። አባቴ ከእስራኤል ነን ብሎኛል፤ ለሱም አባቱ ነግሮታል። ሌላ ማስረጃ አምጣ ብትለኝ የለኝም። ቃሉ ግን የተበተኑትን እሰበስባለሁ ነው የሚለው። መበተኑን አይቸዋለሁ፤ ያን የሚያስረዳኝ አልፈልግም። የቀረውን ለተናጋሪው ትቻለሁ።"

"ካልመጣስ?"

"እኔንም ያስፈራኛል" አሉ። "በተለይ በክረምት።"

ሁላችንም ፀሐይዋን ተከትለን ግድግዳውን ታከን ቦታ እየቀየርን ዋልን። ሐዋሳ ቢሆን ጥላ ነበር የምንከተለው።

እሑድ

እሳቱ ተመለሰ። አክስቴ ገንፎ አገንፍታ እያበላችኝ ከሐዋሳ ጀምሮ ያዘጋጀሁትን ነገር አወጣሁ።

"አክስቴ፣ ከኔ ጋር እንሂድ። ቤቴ ሰፊ ነው። ብርድ የለም። ብቻዬን ነኝ።"

የመጨረሻዋን ቃል ልላት አላሰብኩም ነበር፤ አመለጠችኝ። አክስቴ ማንኪያውን አስቀመጠችና እጄን ያዘች።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ስትበላ አየሁህ እኮ፤ ብቻውን የሚበላ ሰው አበላል ነው የምትበላው።" እጄን ታሸው ጀመር። "ግን የሚሰበስበን ሲመጣ የተወን ቦታ ነው የሚፈልገን። ሁላችን ብንነሳ እዚህ ማን አለሁ ሊለው ነው? ደግሞ እሱ ቢዘገይ እንኳ፣ ሙሉ አንድ ቀን ልቧ ቢመለስ የምታውቀው መንገድ ይህን ነው። ሐዋሳን አታውቅም።"

አልተከራከርኳትም። ልሄድ ስነሳ እስከ መንደሩ ጫፍ ሸኘችኝ። ከዚያ ገደሉ እስከ ላይ ይታያል፤ ከገደሉ በላይ ሜዳው፣ ከሜዳው ማዶ ደብረ ብርሃን ነው።

"ለሙሉ ንገራት" አለችኝ። "አልተቀየምኩም በላት። ያኔ ዘሯን ደብቃ ነው እንጀራ የበላችው፤ ምን ታድርግ? ባሏንም አላስጨንቅባትም፤ አልመጣባትም። አንድ ነገር ብቻ ታድርግልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚህ ዞራ ትቁም። ትንሽ ትቁም። እኔም ከዚህ ወደ እሷ ዞሬ እቆማለሁ።"

ሰይድ ጫማዬን በሽቦ ሰፍቶልኝ ነበር። ዳገቱን ስንወጣ ዞር ዞር እያልኩ አየኋት፤ እያነሰች ሄደች። ጭጋጉ እስኪሸፍናት ድረስ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ሰኞ

ደብረ ብርሃን አድሬ ሙሉ ጋ ሱቋን ስትከፍት ደረስኩ። አቶ ታደለ ሥራ ገብቷል። ሙሉ ሳታየኝ አልቀረችም፤ ግን የብረት በሩን አንስታ እስክትጨርስ ዞራ አላየችኝም። እናቷ ያለችውን እንዳለችው ነገርኳት፤ ከራሴ አልጨመርኩም።

ብርድ ልብሶቹ መሀል ገብታ ቆመች። ፊቷ አይታየኝም ነበር። ደንበኛ መጣ፤ ዋጋ ጠይቆ ሄደ። እሷም ይሂዱ የምትለኝ መስሎኝ ቦርሳዬን አነሳሁ።

"ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?" አለችኝ።

"ምኑ?"

"የምትቆመው።"

ይህን አክስቴን አልጠየቅኳትም ነበር። ስልኬን አውጥቼ ሰይድ ጋ ደወልኩ። ሰይድ ወደ አክስቴ ቤት ሲሄድ፣ ዶሮ ሲጮህ፣ ውሻ ሲያባርር ይሰማናል፤ ድምፁን ለሁለታችን ከፍ አድርጌው ነበር። ከዚያ የአክስቴ ድምፅ፣ ስልክ ላይ ሁሌም እንደምትጮኸው እየጮኸች፣

"ደረስክ ልጄ?"

"ደርሻለሁ። አክስቴ፣ ቅዳሜ የምትቆሚው ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?"

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"ማናት የጠየቀችው?" አለች፤ አሁን ጩኸቱ ጠፍቷል።

ሙሉ ሻሿን በእጇ ጨምድዳ አፏ ላይ ይዛለች። ስልኩን ላቀብላት ዘረጋሁ፤ ራሷን ነቀነቀች፤ ግን ወደ ስልኩ አንድ እርምጃ ተጠጋች።

"አጠገቤ ናት" አልኩ። "ትሰማሻለች።"

"ቀኑን ሙሉ ነኝ በላት" አለች አክስቴ። "የሚመቻትን ሰዓት ትምረጥ። እኔ ቀኑን ሙሉ እዚያ ነኝ።"

ሙሉ ሌላ እርምጃ ተጠጋች። አክስቴም ስልኩን አልዘጋችም። ሰይድ ነው በመጨረሻ የዘጋው።

በሩ ላይ ስንሰነባበት ሙሉ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። "ቅዳሜ ገበያ ነው" አለችኝ። "ሱቁን ብዘጋ ታደለን ምን እለዋለሁ?" ስልክ ቁጥሬን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋት። ያን ዕለት አዲስ አበባ አድሬ በማግስቱ ሐዋሳ ገባሁ። ቤቱን ስከፍተው የታፈነ አየር ወጣ። ሞቃት ነበር። መስኮቱን ከፍቼ ቁጭ አልኩ፤ ማን ደረስክ እንደሚለኝ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ሳነሳው መጀመሪያ የሰማሁት ነፋስ ነው።

"ጋሼ፣ ሙሉ ነኝ።"

"የት ነሽ?"

"ከከተማው ወጥቻለሁ። ሜዳው ላይ ነኝ።" ነፋሱ ድምፅዋን ይወስደዋል፤ ይመልሰዋል። "ታደለ አስፋልቱ ላይ ቆሞልኛል። ገና አልነገርኩትም። ጨርሺ፣ እጠብቅሻለሁ ነው ያለኝ።"

"ዞረሻል?"

"ዞሬያለሁ።" ቀጥላም፣ "ምን ይባላል፣ ጋሼ? የሚባል ነገር አለ?"

የሚባለውን አላውቅም። አባቴ ያንን አላስተማረኝም። "እንጃ" አልኳት፤ "አትዝጊው ብቻ።"

አልዘጋችውም። እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ ከወንበሬ ተነስቼ ወደ እነሱ አቅጣጫ ዞርኩ። ሂሳቧ አልቆ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ነፋሱን እየሰማሁ ቆምኩ።